ሀገረ ስብከት ርስት አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ጎልማሳ ወረቀት ይዞ ባሕር ዳር ወደሚገኘው ቤቴ መጣ። ቡና ጠጥተን ከተጨዋወትን በኋላ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «ጋሼ፣ የአካባቢያችን ተወላጅ ያልሆነ ጳጳስ በእኛ ላይ እንዳይሾም አቤቱታ እያስፈረምን ነው። እርስዎም ይፈርሙልን» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ስብከት አንድ ቃል የለበትም። ስለ ድኻ የለበትም፤ ስለ ቆሎ ተማሪም የለበትም። «የእኛ» የሚለው ቃል ግን ዘጠኝ ጊዜ ተጽፎበታል። አልፈረምሁም።

ያን ማታ ምክንያቴን በሚገባ ሳላስረዳው ቀረሁና አሁን ለእርሱም ለእኩዮቹም እጽፋለሁ። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ስለ ሆንሁ «አንተ በጳጳስ ነገር ምን አገባህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። የተጠመቅሁት በአያቶቼ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከፈረንጆቹ የተማርሁት ደግሞ መጽሐፉን ገልጦ «በእውነት እንዲህ ተጽፏል ወይ?» ብሎ መጠየቅን ነው። ስለዚህ በሁለት በኩል ያገባኛል።

እንግዲህ ከስሙ እንነሣ። ኤጲስ ቆጶስ የጽርእ ቃል ነው፤ የሚጎበኝ፣ የሚጠብቅ ማለት ነው። የሚጎበኘውንም ስፍራ አባቶቻችን ሀገረ ስብከት አሉት። ሀገረ ግዛት አላሉትም። ርስት በአባትና በእናት ተቆጥሮ የሚወረስ ነው፤ ጉልት ንጉሥ ለወደደው ሰጥቶት ግብሩ የሚበላ ነው። ሀገረ ስብከት ግን አንድ እረኛ ሄዶ የሚደርስበት፣ ድምፁም የሚሰማበት የመንገድ ልክ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች 20 ቀኖና ሠሩ። ከእነዚህም 4ኛው ኤጲስ ቆጶስ በአውራጃው ኤጲስ ቆጶሳት፣ ቢያንስ በሦስቱ እጅ እንዲሾም፣ 8ኛው በአንድ ከተማ ሁለት ኤጲስ ቆጶሳት እንዳይኖሩ፣ 15ኛው ኤጲስ ቆጶስ ከተማ እያማረጠ እንዳይዘዋወር ያዝዛል። አጥሩ የታጠረው መንጋው እረኛ እንዳያጣ፣ እረኛውም የሰው መንጋ እንዳይመኝ ነው። ሹሙ የማን ዘር ነው የሚል ነገር በውስጡ የለም።

የእኛ ሀገር ታሪክ ግን ከዚህ ሥርዓት ወጣ። በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ላከልን፤ እኛም አባ ሰላማ ብለን ተቀበልናቸው። በጣና ምሥራቅ ዳር በጣና ቂርቆስ ያሉ መነኰሳት መቃብራቸው ከእኛ ዘንድ ነው ይላሉ። ከእርሳቸው በኋላ 1600 ዓመት ያህል፣ ከጥቂት ጊዜ በቀር፣ ለዚህ ሁሉ ሀገር የሚላክልን አንድ ግብጻዊ ጳጳስ ነበር። ይህንም ለማጽናት የኢትዮጵያ ሰዎች ከገዛ ሊቃውንታቸው መካከል ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል ቃል በኒቅያ አባቶች ስም ተጻፈ፤ በፍትሐ ነገሥታችንም ገባ። ልብ በሉ፤ ይህ ቃል ከሃያዎቹ አንዱ አይደለም። ከዘመናት በኋላ በዐረብኛ ከተሰበሰቡት፣ 84 ናቸው ከሚባሉት ቀኖናዎች የመጣ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት ንጉሣችን ኤጲስ ቆጶሳት ይጨመሩልኝ ብሎ በለመነ ጊዜ ፓትርያርክ ገብርኤል እንቢ አሉ፤ ቁጥራቸው ዐሥር ከሞላ የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ ይሾማሉ ብለው ፈርተዋልና። እንዲህ ከሆነ የጳጳስ ቁጥር የሚለካው በመንጋው ብዛት ሳይሆን በመንበሩ ጥቅም ነበር ማለት ነው። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን በእስላም ነገሥታት ሥር ብዙ መከራ እንደ ተቀበለች ዐውቃለሁና አልወቅሳትም፤ ዋጋውን የከፈልነው ግን እኛ ነን።

እንዴት እንደ ከፈልነው ከቤቴ ልናገር። አያቴ የዘጌ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ድቁና ለመቀበል በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ስንቃቸው በሶ ነበር። በታንኳ ተሻግረው፣ ጎጃምን አቋርጠው፣ ዐባይ በረሃ ወርደው፣ በ20ኛው ቀን ደረሱ። ከአራቱ ሦስቱ ተመለሱ፤ አንደኛውን በዐባይ ቆላ ንዳድ ገደለው። አያቴ ይህን ሲያወሩ ማንንም አያማርሩም ነበር። «መንገዱ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ግን በልጅነቴ የዚያን የሞተውን ልጅ ስም ደጋግሜ እጠይቃቸው ነበር፤ ዛሬም ማታ ማታ ትዝ ይለኛል። አንድ ልጅ ዲያቆን ለመሆን ስለ ምን ነፍሱን ይስጥ?

ይህ የአያቴ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ፣ ጳጳሱ በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ሲቀድሱ አየሁ ብሎ ጽፏል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ቀን ማን መርምሮ፣ ማን ጠይቆ ይሾማል? ሩቅ ለነበረችው ለከፋ ደግሞ የጳጳሱ እስትንፋስ በስልቻ ተሞልቶ ይላክ ነበር፤ እዚያም ሲደርስ አፉ ተፈትቶ በሚሾሙት ላይ ይነፋ ነበር ይባላል። ነገሩ ተረት ቢሆንም እንኳ እረኛ ያጣ ሕዝብ የፈጠረው ተረት ነው። ጳጳሱ ሲሞቱ ደግሞ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ክህነት የሚሰጥ ይጠፋ ነበር። አቡነ ቄርሎስ ከሞቱ በኋላ አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. እስኪመጡ ከ10 ዓመት በላይ እንዲህ ሆነ። ያን ሁሉ ዘመን ቤተ ክርስቲያኒቱን ያቆሟት እጨጌዎቹ፣ መምህራኑ፣ በእነ ዳጋ እስጢፋኖስና በእነ ክብራን ገብርኤል መጻሕፍቱን የጠበቁት መነኰሳት ናቸው። ስማቸው በጳጳሳት ዝርዝር አይገኝም።

የሚሲዮን አስተማሪዎቼ ይህን ጉድለታችንን እየጠቀሱ ይነቅፉን ነበር። በጣና ሰሜን ዳር፣ በጎርጎራ፣ ስለ ፈረሰው የኢየሱሳውያን ግንብ ግን አንድ ቀን አንሥተውልን አያውቁም። በ1625 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ከሮም ተሹሞ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ይህን ሕዝብ ሳያውቅ ሕዝቡ ተሰጥቶት ነው የመጣው። በዐፄ ሱስንዮስ ሰይፍ ተደግፎ ሥርዓቱን ሊለውጥ ቢነሣ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632ም ነገሩ ፈረሰ። ያ ደግሞ የፈረንጅ ርስት መሆኑ ነው።

ርስትነቱ በሀገር ልጅ እጅ ሲገባ ደግሞ ምን እንደ ሆነ እንይ። ዐፄ ዮሐንስ በ1870ዎቹ አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ አስመጡ። ታላቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን አከፋፈላቸው በመንገድና በመንጋ አልሆነም፤ በነገሥታቱ ልክ ሆነ። አቡነ ጴጥሮስ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ቀሩ፤ አቡነ ማቴዎስ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ፣ አቡነ ሉቃስ ለጎጃሙ ንጉሥ ለተክለ ሃይማኖት ተሰጡ፤ አራተኛው አቡነ ማርቆስ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1874 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ነገሥታት በእምባቦ ተዋጉ፤ ጳጳስ አለን ማለታቸው አላስታረቃቸውም። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ሲወድቁ አቡነ ጴጥሮስ ከቀዳሚነታቸው ወረዱ፤ ምኒልክን የቀቡት አቡነ ማቴዎስ የሁሉ የበላይ ሆኑ። ጳጳስ የጌታ ዕቃ ሲሆን ከጌታው ጋር ይነሣል፣ ከጌታው ጋር ይወድቃል።

አሁን ወደዚያ አቤቱታ እመለሳለሁ። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በካይሮ አብረው ጳጳሳት ሆኑ፤ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ። ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም፤ ቢሆንም የሀገር ልጅነታቸው ለሕዝቡ ታላቅ ደስታ ነበር። ጥቂት ዓመታት አለፉና ጠላት መጣ። የፍቼው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ ለወሎ የተሾሙ ነበሩ፤ ወሎ የአባታቸው ርስት አልነበረም። አርበኞችን አላወግዝም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ። የእኛው የጎጃም ጳጳስ አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ ሊቀ ጵጵስናን ተቀበሉ፤ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። ሁሉም የኢትዮጵያ ልጆች፣ ሁሉም ባንድ እጅ የተሾሙ ናቸው። ታዲያ ልጄ፣ ያ «ተወላጅ» የሚለው ቃልህ እነዚህን አባቶች እንዴት አድርጎ ይለያቸዋል?

በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ሆኑ። ከእንግዲህ ሊቃውንቶቻችን የራሳቸውን ጳጳሳት ይሾማሉ ተባለ። እኛ ግን ያገኘነውን መንበር ለመካፈል ቸኰልን። በ1984 ዓ.ም. መንበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ሲኖዶስ በአዲስ አበባ፣ አንዱ በአሜሪካ ሆኖ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ተወጋገዙ። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት በወሊሶ አካባቢ ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 መነኰሳትን ሾሙ፤ ከእነርሱም 17ቱን ለኦሮሚያ አህጉረ ስብከት መደቡ። በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በየካቲት እርቅ ወረደ። በዚያው ዓመት በሐምሌ በአክሱም ሌሎች ተሾሙ።

እዚህ ላይ ፍርዴን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። አንድ የኦሮሞ ገበሬ በቋንቋዬ የሚሰብከኝ፣ ኑዛዜዬን የሚሰማ አባት ስጡኝ ቢል ርስት አልጠየቀም፤ እረኛ ነው የጠየቀ። እኛ ቋንቋችንን የማያውቅ ጳጳስ 1600 ዓመት ያስተናገድን ሰዎች በዚህ ልመና ላይ አፋችንን ልንከፍት አይገባም። የትግራይ ምእመን በጦርነቱ ጊዜ አባቶቼ ዝም አሉብኝ ሲልም ኀዘኑ እውነተኛ ነው፤ የሲኖዶሱ አባቶች ፈጥነው ሊሰሙት ይገባ ነበር። ነገር ግን በአንድ ሀገረ ስብከት ላይ ሁለተኛ ጳጳስ ማቆም ልመናውን አይፈጽመውም፤ ለገበሬው ሁለት ተጣሊዎችን ይሰጠዋል እንጂ። ከወንበሩ ላይ ሆኖ «ይህ የእኛ ነው፣ ማንም አይግባ» የሚለውም፣ ከውጭ ቆሞ «የእኛ ነውና ስጡን» የሚለውም ያንኑ የርስት ሙግት ይሟገታሉ። የእኔም ተማሪ ወረቀት ሦስተኛው ተሟጋች ነበር።

ወረቀቱን ስመልስለት አንድ ነገር ጠየቅሁት። «በጣና ውስጥና ዳር፣ በታንኳ ወይም በጀልባ ካልሆነ የማይደረስባቸው ስንት አብያተ ክርስቲያናት አሉ?» አልሁት። አያውቅም ነበር። «እንግዲያው ሌላ ወረቀት ጻፍ። ማንም ይሾም ማን፣ የሚሾመው አባት በየዓመቱ እነዚህን ደሴቶች አንድ በአንድ እንዲጎበኝ፣ በየደረሰበትም ከቆሎ ተማሪዎቹ ጋር አንድ ሌሊት እንዲያድር የሚለምን ወረቀት ጻፍ። መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ» አልሁት።

«አስብበታለሁ ጋሼ» ብሎኝ ሄደ። ብዕሬ እስከ ዛሬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።