«ምን አገኘህ?»

ሥራ ፍለጋ የወጣ ልጃችን ማታ ከደጅ ሲገባ፥ ገና አረፍ ሳይል «እህ፥ ምን አገኘህ?» የማንለው ወላጆች ጥቂቶች ነን። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ዳሩ ግን ባዶ እጁን ለተመለሰ ወጣት ከክስ አይለይበትም። የምናውቀው አንድ ወጣት ይህን ጥያቄ ሽሽት፥ አባቱ ሳይተኛ ወደ ቤት መግባት ትቶ ነበር።

ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለቀሩት ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚያስገባው በር ሲዘጋባቸው፥ ሌላ መንገድና ሌላ ሙያ መፈለግ ግድ የሆነባቸው ብዙዎች ናቸው። ይህም ሆኖ ብቻውን የወደቀ ይመስል የተወቀሰው ልጅ ስንቱ ነው!

አልበርት ባንዱራ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1977 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ሰው «እችላለሁ» ብሎ እንዲያምን ከሁሉ ይልቅ የሚያበረታው ራሱ ሠርቶ የተሳካለት ነገር መሆኑን፥ የሌላው ሰው ማበረታቻ ቃል ግን ከዚህ የደከመ መሆኑን አስረድተዋል። ይህ በቅኔ ቤት ላለፍነው እንግዳ ነገር አይደለም። የኔታ ጀማሪውን «አይዞህ» ብለው ብቻ አይተዉትም፤ ቅኔውንም ቆጥረው አይሰጡትም። ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ራሱ እንዲቆጥር ያደርጉታል፤ ሲስት ያርሙታል፤ እርስዋ ስትቀናለት ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል።

እኛ ግን በገዛ ቤታችን ይህን ዘነጋን። የበኩር ልጃችን ሥራ ሲፈልግ ማመልከቻውን የጻፍን እኛ፥ ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ የጠናንም እኛ ነበርን። (በአማርኛው ማማር ኰርተንበትም ነበር።) ለቃለ መጠይቅ ተጠርቶ በማመልከቻው ስለ ተጻፈው ሲጠይቁት መልስ አጣ። አለመቀጠሩ አላሳዘነንም፤ ያሳዘነን፥ ተመልሶ «አባባ፥ እነርሱ የፈለጉት እርስዎን ነው» ማለቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማመልከቻውን ራሱ ይጽፋል፤ እኛ የፊደሉን ግድፈት ብቻ እናርማለን። እናቱ ጧት የታክሲውን ትሰጠዋለች፤ ማታም እራቱን አቅርባ «ምን አገኘህ?» ማለቷን ትታ «ምን ጠየቁህ?» ትለዋለች። በአራተኛው ጊዜ ስለ ሒሳብ አያያዝ የቀረበለትን አንድ ጥያቄ እንዴት እንደ መለሰ ሲያስረዳን ወጡ ቀዘቀዘ። ያንንም ሥራ አላገኘም። በማግሥቱ ግን እኛ ሳንቀሰቅሰው ተነሥቶ ወጣ።