መጠለያው የሟቹ፣ እብነ በረዱ የባለሥልጣኑ?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሰፈር በጎ ፈቃደኛ ሲሞት የሚሆነው ይታወቃል። ሠልስት ሳይወጣ ፎቶው ያለበት ባነር ይሰቀላል። ወጣቶች ቲሸርት ያሳትማሉ። ወረዳው የሐዘን መግለጫ ይለጥፋል። በአርባው ይደገሳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ባነሩን ፀሐይ አንጥቶታል፤ ቲሸርቱም ወለል መወልወያ ሆኗል። ዕድሜውን ሙሉ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን ሲያጥብ፣ የተደፈነ ቦይ ሲከፍት፣ የዘመመ ቤት ሲያቃና የኖረ ሰው ስሙ የሚገኘው መቃብሩ ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ የተሻለ የሚያስቡ ሰዎች አሉ። «በሰፈሩ መናፈሻ ውስጥ በስሙ መጠለያ እንሥራለት» ይላሉ። የሚጠይቁት ቤተ መንግሥት አይደለም። ጥቂት የብረት ምሰሶ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዙሪያውን የሲሚንቶ መቀመጫ፣ ከተቻለ አንድ የውኃ ቧንቧ። ሐምሌ ላይ ዝናብ ያጣደፈው ይጠለልበታል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ ቤቱ ጠቦት የሚያጠናበት ያጣ ተማሪ ደብተሩን ይዘረጋበታል። ዕድሩም አስፋልት ዘግቶ ከመሰብሰብ ይድናል። ሐሳቡ አዲስም አይደለም። ሙስሊሙ ወገን ለሟች ብሎ ጉድጓድ አስቆፍሮ «ሶደቀቱል ጃሪያ» ይለዋል፤ ውኃው እስከፈሰሰ ድረስ ምንዳው ይቀጥላልና። ክርስቲያኑም «ለነፍስ ይሁን» ብሎ ብዙ ሠርቷል።

ታዲያ ምኑ ነው የሚከብደው?

መጀመሪያ መሬት ይነሣል። «ቦታው የመንግሥት ነው» ይባላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ነው የሚለው። «ሕዝብ» የምትለዋ ቃል የት ሄደች? መንደሩ ቦታው ይሰጠኝ፣ ልጠረው፣ ልሽጠው አላለም። ለማንም ክፍት የሆነ ጣሪያ ላቁምበት ነው ያለው። ቀጥሎ «ሕጋዊ ሰውነት አላችሁ ወይ?» ይመጣል። ልብ በሉ፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን ከነጭራሹ ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል። ለክረምት በጎ ፈቃድ ሥራ ሰው ውጣ ሲባል፣ ለችግኝ ተከላ ጥሪ ሲደረግ፣ ለመዋጮ ሲፈለግ ዕድሩ ሕጋዊነቱ አይጠየቅም። ለሟቹ ጥላ ሲለምን ግን ማኅተም አምጣ ይባላል።

ፈቃዱ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አገሪቱ ውስጥ ያሉ የምረቃ እብነ በረዶችን ዞር ዞር ብሎ ያነበበ ያውቀዋል፤ «በክቡር እገሌ ተመርቆ ለአገልግሎት ክፍት ሆነ» ይላል። ድልድዩን የጠረበው አይጻፍ፣ ገንዘቡን ያዋጣው አይጻፍ፣ ለአንድ ሰዓት መጥቶ ሪባን የቆረጠው ይጻፋል። የበጎ ፈቃደኛው መጠለያም በዚህ ከተጀመረ ከጊዜ በኋላ የሚነበበው የባለሥልጣኑ ስም ይሆናል። ያ ባለሥልጣን እስከዚያ ሦስት ወንበር ቀይሯል፤ ሰፈሩ የት እንደሆነም ረስቷል።

ከተማዋ በዚህ ጉዳይ ልማድ አላት። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት ትልልቅ ፓርኮች ውብ ናቸው፤ ይህን መካድ አይገባም። ስማቸው ግን አንድነት ነው፣ ወዳጅነት ነው። ሰው የለበትም። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር። ጥላ በትኬት ማለት ይህ ነው። የመንደሩ መጠለያ የማንንም ትኬት አይጠይቅም፤ ስሙም የሚታወቅ ሰው ስም ነው።

«ለወ/ሮ አበበች ጎበናስ ተደርጎ የለ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ወሎን ረኃብ በመታበት ዘመን ለንግሥ ግሸን ማርያም ወርደው ወላጅ የሞተባቸውን ሕፃናት ይዘው የተመለሱት፣ ለዚህም ትዳራቸውን ያጡት እናት፣ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል በስማቸው ተጠርቷል። የተገባ ነው፤ ሐውልት ሳይሆን የሚያዋልድ ቤት መሆኑ ደግሞ የበለጠ ያምራል። ግን እሳቸውን አገር ያውቃቸዋል። በአንድ ቀጠና ውስጥ ብቻ የሚታወቀውን ሰው ማን ይዘክረው? ካቢኔ አይሰበሰብለትም። ያለው መንደሩ ነው።

መንደሩም እየተበተነ ነው። በ2016 ዓ.ም. በጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳ የነበሩ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ተበትኗል። ዕድር ሲበተን ማን ማንን እንዳስታመመ የሚያውቅ ይጠፋል። ስለዚህ «ቆይ፣ ሌላ ጊዜ» የሚለው መልስ ገለልተኛ መልስ አይደለም፤ ይረሳ ማለት ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው ግን ከውስጥ የሚመጣው ነው፦ «ለቆርቆሮ የሚወጣው ገንዘብ ለልጆቹ ይሰጥ»። ልጆቹ የሚበሉት ካጡ ክርክር የለውም፤ መጀመሪያ እነሱ። ግን ይህን የሚለው ሰው ለአርባው በሬ ሲጣል የት ነበር? ድግሱ ላይ ያልተነሡት ድሆች መጠለያው ሲነሣ ብቻ ትዝ የሚሉት ለምንድን ነው? ከዚያ ድግስ ግማሹ ቢቀነስ ለልጆቹም ለጣሪያውም ይተርፋል።

መንደሩም ከነቀፋ አያመልጥም። ሠርቶ መርሳት ያውቅበታል። በየሰፈሩ መቀመጫው ተነቅሎ የሽንት ቤት ምትክ የሆነ «መታሰቢያ» ሞልቷል፤ ያ ለሟች ከዝምታ የባሰ ስድብ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮው ሲዝግ ማን እንደሚቀይር፣ ቧንቧው ሲሰበር ማን እንደሚጠግን አንድ ምሰሶ ሳይተከል በዕድሩ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ከወር መዋጮው ትንሽ ተቆርጦ ይቀመጥ። ወረዳው ደግሞ መጠለያውን በፕላኑ ላይ ያስፍረው፤ ነገ መንገድ አስፋፊ መጥቶ «ሕገወጥ ግንባታ» እንዳይለው። ሪባን የግድ ከሆነ፣ ሟቹ ሲያጥባቸው ከነበሩት እናቶች አንዷ ይቁረጡት፤ ባለሥልጣኑ ከመጣም ከሕዝቡ ጋር ይቀመጥ።