ቁልፍ የሌለው ረድፍ

ባለፈው ረመዳን ማብቂያ ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በኢሞ ደወለልኝ። ኔትዎርኩ ደካማ ነው፤ ፊቱ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይደርቃል። ከኋላው በድንጋይ የተካበ እርከን፣ እርከኑ ላይ ደግሞ የቡና ዛፍ ይታያል። «ጅማ ገባህ እንዴ?» አልኩት። «ዳየር ነኝ» አለኝ። ዳየር ቤኒ ማሊክ ከጂዛን ከተማ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ የመንን የሚያዋስን ተራራማ ወረዳ ነው። ጓደኛዬ ቀን የሰው ቡና ይኮተኩታል፤ ሲመሽ የሰው ፍየል ያስገባል።

ይህ ልጅ ሦስተኛ ዓመት ሳለን የዳታቤዝ አድሚኒስትሬሽን ኮርስን ከክፍላችን አንደኛ ሆኖ ያለፈ ነው። ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገ። ከዚያ ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ተነሣና በጅቡቲ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በሰዓዳ በኩል ተራራውን በእግሩ ወጣ። እንዴት ነህ ብዬ ስጠይቀው «ነል ነኝ» ብሎ ሳቀ። «ኢቃማ የለኝ፣ ቪዛ የለኝ፣ አሻራ አልሰጠሁ። ነል!»

ሙያውን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ነል ማለት በሰንጠረዥ ውስጥ ያልተሞላ ቦታ ነው። ዜሮ አይደለም። ኪሴ ውስጥ ዜሮ ብር አለ ካልኩ ቆጥሬ ነው፤ ነል ካልኩ ግን የቆጠረ ሰው የለም። መምህራችን ይህን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ለፍቷል። ያስቸገረን ደግሞ ነልን ከነል ጋር ብታወዳድሩ «እኩል ናቸው» የሚል መልስ አታገኙም የሚለው ነበር። ሁለቱንም ካላወቅሃቸው አንድ መሆናቸውን በምን ታውቃለህ? ለፈተና ሸመደድነው። በደንብ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ከጂዛን ድንበር የሚመጣውን ዜና ሳነብ ነው።

የዳታቤዝ ትምህርት ሲጀመር የሚነሣው ጥያቄ «ይህን ከዚያ በምን ትለየዋለህ?» የሚል ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1970 አይቢኤም ውስጥ እየሠራ ዛሬ ባንኩም አየር መንገዱም የሚገለገልበትን የሰንጠረዥ አሠራር በጽሑፍ ሲያወጣ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከሌላው የሚለይበት ቁልፍ ይኑረው አለ። ፕራይመሪ ኪይ የምንለው ነው። እኛ ይህን የተማርነው ከኤልማስሪና ናቫቴ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ኩባንያ አለ፤ ሠራተኞችም አሉት። አንዱ ጆን ስሚዝ ነው፤ ሂዩስተን ይኖራል። ቁልፉ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ በተርታ የተደረደረ። ስሙ በሦስት ይከፈላል፦ የራሱ ስም፣ አንዲት የመሐል ፊደል፣ የቤተሰብ ስም።

አርባ ተማሪዎች በአሥራ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ተደራርበን ጆን ስሚዝን አስገባነው። ደመወዝ ጨመርንለት፣ ክፍል ቀየርንለት፣ ሰረዝነው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና አስገባነው። ከመካከላችን የቤተሰብ ስም ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርማ ከየት ይምጣ! «የእኛ አገር ሰው ቁልፉ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው ያው የሐይቁ ልጅ ነበር። መምህሩ «የቀበሌ መታወቂያ» አለ። ልጁም «እሱማ ሁለት አለኝ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ጥያቄውም በዚያው ቀረ።

ያ ጥያቄ አሁን ጂዛን ላይ ነው። የእኛ ሰው ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይሄዳል። አረብኛ ደግሞ ጨ የለውም፣ ጰም የለውም፣ ኘም የለውም። ጫልቱ ሻልቱ ትሆናለች። አጫጭር ድምፆች በጽሑፍ ስለማይወጡ ከበደን አንዱ ጸሐፊ እንደ ሰማው፣ ሌላው እንደ መሰለው ያሰፍረዋል። የልደት ቀኑ ቤተሰብ ዘንድ በእኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ ላይ በፈረንጅ፣ ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ላይ በሂጅራ ነው። ቀኑን በውል ያላወቀ ሰው ጃንዋሪ 1 ተወለደ ይባላል። ጳጉሜን 3 የተወለደ ጉዱ ነው፤ አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ሲስተም አሥራ ሦስተኛውን የት ያስገባዋል? እንዲህ እያለ አንድ ሰው በሦስት ቢሮ ሦስት ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ሳዑዲ በስም አትተማመንም፤ በጣት ትተማመናለች። ኢቃማ ያለው የውጭ ዜጋ በ2 የሚጀምር አሥር አኃዝ ቁጥር አለው፤ የአገሬው ቁጥር በ1 ይጀምራል። ያለ ወረቀት የተያዘ ሰው ደግሞ ታርሂል (ተባራሪዎች የሚቆዩበት ቦታ) ገብቶ አሻራ ይሰጥና ይሸኛል። ከዚያ በኋላ የሥራ ቪዛ አውጥቼ በአውሮፕላን ልግባ ቢል ጣቱን ሲያስቀምጥ ሲስተሙ ያውቀዋል፣ በሩም ይዘጋበታል። የቀረው መንገድ ያው ተራራው ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከሜይ 2017 እስከ ማርች 2019 ደግሞ ወደ 260 ሺህ ገደማ ሰው ተባርሯል። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ያው ሰው ነው? ጓደኛዬ እንዳለው፣ «አሻራው ሪያድ ነው፣ ስሙ ሐይቅ ነው፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ፎሪን ኪይ የለም።»

ወረቀት ያላትም ብትሆን አትተኛም። በአድሚኒስትሬሽን ኮርስ አንድ ትልቅ ምዕራፍ የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ማን ያያል፣ ማን ይለውጣል፣ ማን ይሰርዛል የሚለው። እዚያው ጂዛን፣ አቡ አሪሽ ወይም ሳምጣ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን አሠሪዋ በኢንተርኔት «ሁሩብ» ብሎ ካመለከተባት፣ ማለትም ጠፋችብኝ ካለ፣ ያቺ ቃል ረድፏ ላይ ታርፋለች። ካርዱ በእጇ እያለ ሕገወጥ ልትባል ትችላለች። እሷ ቢበዛ ማየት ትችል ይሆናል፤ የሚለውጠው ሌላ ሰው ነው። እኛ ፈቃድ የሚሰጡትንና የሚነሡትን፣ ግራንትና ሪቮክ የሚባሉትን ትእዛዞች ስንማር ነገሩ የፋይል ጉዳይ መስሎን ነበር።

አሁን ወደ ነል ልመለስ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ለሳዑዲ መንግሥት በጻፉት ደብዳቤ፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 2022 ባለው ጊዜ በሰዓዳና በጂዛን ድንበር በከባድ መሣሪያና በጥይት ወደ 430 የሚሆኑ ስደተኞች ተገድለዋል የሚል ክስ እንደ ደረሳቸው ገለጹ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ባወጣው ሪፖርት ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ቢያንስ 655 ሰው ተገድሏል አለ፤ ከዚያም እጅግ ሊበልጥ እንደሚችል ጨመረበት። የሳዑዲ መንግሥት ክሱ መሠረተ ቢስ ነው ብሏል።

430 እና 655 ስንት ነው? የሦስተኛ ክፍል ልጅ 1,085 ይላል። ዳታቤዝ የተማረ ሰው ግን እጁን ይሰበስባል። አንዱ እስከ ኤፕሪል ይቆጥራል፣ ሌላው ከማርች ይጀምራል፤ ሁለት ወር ይደራረባሉ። በእነዚያ ሁለት ወሮች የወደቀ አንድ የከሚሴ ልጅ በሁለቱም ተቆጥሮ ይሆን? ወይስ በአንዱም አልተቆጠረ? የስም ዝርዝር ቢኖር የአንድ መስመር ሥራ ነበር፤ ዩኒየን ብለህ ትጽፋለህ፣ ድግግሞሹ ይወጣል። ዝርዝሩ ግን የለም። ያለው በሕይወት የተረፉት «ከእኛ ቡድን ይህን ያህል ቀረ» ያሉት ነው። ነል ከነል ጋር እኩል ነው ወይ? መልስ የለውም።

ሰውን ረድፍ ብሎ መጥራት እንደሚያስቀይም አውቃለሁ። ግን የእኛን ሰፈር እድር ተመልከቱ። ጸሐፊያችን ያበጠ ባለ መስመር ደብተርና አንድ ሰማያዊ እስክርቢቶ አላቸው። አባወራው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ አብራ የምትኖር አማቱ ሳትቀር ተጽፈዋል። ሰው ሲሞት ደብተሩ ይገለጣል፣ ስሙ ላይ መስመር ይሰመራል፣ ድንኳኑ ይወጣል። ሁለት ሰው አንድ ስም ሲኖረው «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው» ብለው በቅንፍ ይለዩታል። ኮድን አያውቁትም፤ ቁልፍ ምን እንደሆነ ግን ከእኛ መምህር የተሻለ ያውቃሉ።

መዝግቡ ማለት ብቻውን አይበቃም። የስደተኛ ዝርዝር በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅም፤ ደላላ ቢያገኘው ለእናቱ ደውሎ ገንዘብ ይጠይቅበታል። ፋይዳ የተባለው የአገራችን ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መጥቷል፤ አሥር ጣትና ዓይን ወስዶ ቁጥር ይሰጣል፤ የክፍላችንን ጥያቄ በመጨረሻ የመለሰው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ግን ማን ይየው፣ እስከ መቼ ይቀመጥ፣ ሰው ሞቶ በአንድ ሸለቆ ሲቀር ያ ቁጥር ለቤተሰቡ ምን ይጠቅም የሚለው የአድሚኒስትሬተሩ ጉዳይ ነው። ይህን ደግሞ በጆን ስሚዝ ደመወዝ ላይ መማር አይቻልም።

ዳታቤዝ የምታስተምሩ መምህራን፣ እባካችሁ በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ላብ ብቻ ቀይሩ። ሂዩስተን ያለውን ሰውዬ ተዉትና ይህን ስጧቸው፦ አንድ ልጅ ከወሎ ወጥቶ በሦስት አገር አልፎ ጂዛን ይገባል፤ ሦስት ዓይነት የስም አጻጻፍ፣ ሦስት የልደት ቀን፣ በየድንበሩ የሚጣል ሲም ካርድ አለው። ሰንጠረዡን ሥሩ፣ ቁልፉን ምረጡ፣ ማን ማየት እንደሚፈቀድለት ወስኑ፣ ለምን እንዳላችሁም አስረዱ። መፍትሔውን መጽሐፍ ጀርባ ላይ አያገኙትም፤ እሱም ጥሩ ነው።

ጓደኛዬ የሚኮተኩተው ቡና የኸውላኒ ቡና ይባላል። አመራረቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እሱ ራሱ ይህን የሰማው ከእኔ ነው፤ «ቡናውማ ቁልፍ አለው በለኛ» አለና መስመሩ ተቆረጠ።

ካነጋገርኩት ሦስት ወር ሆነኝ። ሐይቅ እናቱን ልጠይቅ ሄጄ ስልካቸውን አሳዩኝ። በእሱ ስም አራት ቁጥር ተመዝግቧል፤ አንድ የኢትዮጵያ፣ አንድ የየመን፣ ሁለት የሳዑዲ። የትኛው እንደሚሠራ ስለማያውቁ ሐሙስ ሐሙስ ማታ አራቱንም በየተራ ይደውላሉ።