ማውጫውን የያዘ ማኅደሩን ይዟል

ዩዝኔት ባለቤት የለውም። ሐሳቡን በ1979 (እ.ኤ.አ.) ያፈለቁት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ የተባሉ የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ሰርቨር የደረሰውን መልእክት ለሌላው እየቀዳ ያቀብላል፤ በሁሉም ላይ የሚያዝ ማዕከል የለም። ቲም በርነርስ ሊ ስለ ዌብ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ ስለ ሊኑክስ በ1991 ያበሰሩት በዚሁ መድረክ ነው።

ታዲያ ባለቤት የሌለው ነገር እንዴት ይነጠቃል? ማውጫውን በመያዝ! ከሚሊዮኖች መካከል የሚፈለገው መልእክት የት እንዳለ የሚጠቁም ከሌለ፣ መልእክቱ ተቀመጠም ጠፋም ለፈላጊው ያው ነው።

ማስረጃው የጎግል ታሪክ ነው። ዴጃ ኒውስ ከ1995 ጀምሮ ያጠራቀመውን የዩዝኔት ማኅደር ጎግል በ2001 ገዛው። በዚያው ዓመት፣ ሄንሪ ስፔንሰር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በቴፕ ያቆያቸው፣ ከ1981 የሚጀምሩ ሁለት ሚሊዮን ገደማ መልእክቶች ተጨመሩበት። ሰዉ ነጻ ነው ብሎ ደስ አለው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ፍለጋው በትክክል አይሠራም የሚል አቤቱታ ለዓመታት ቀጠለ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024 ደግሞ ጎግል ግሩፕስ አዳዲስ የዩዝኔት መልእክቶችን መቀበል አቆመ። የድሮው አሁንም ይፈለጋል፤ እስከ መቼ እንደሚፈለግ የሚወስነው ግን ኩባንያው ብቻ ነው።

ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያደራጇቸው ማውጫዎችስ? እዚህም ጥፋቱ ቀላል አይደለም። የብሪታንያው ኒውዝቢን በአርታኢዎቹ ልፋት የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን የሚያሰባስብ ዝርዝር፣ ኤንዜድቢ የሚባለውን፣ ለዓለም አስተዋወቀ። ድንቅ ፈጠራ ነበር። ነገር ግን የሰው ፊልም ማከፋፈያ አደረገው፤ በ2010 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቅጂ መብት ጥሷል ብሎ ፈረደበት። ተተኪው በ2012 መገባደጃ ተዘጋ። ኤንዜድቢ ማትሪክስ የተባለው ሌላው ትልቅ ማውጫም ወዲያው ተከተለ።

“እንግዲያው ማውጫ የሌባ መሣሪያ ነው” የሚሉ አሉ። የሰውን ላብ ሳይከፍሉ መቀራመት ሌብነት መሆኑ አያከራክርም፤ ፍርዱም ተገቢ ነበር። ሌባ መሰላል ተጠቀመ ተብሎ ግን መሰላል አይከለከልም። በዩዝኔት ላይ ያለው የፊልም ቅጂ ብቻ አይደለም፤ የኢንተርኔት የመጀመሪያ ዘመን ክርክር፣ ጥያቄና መልስ፣ የፕሮግራም ሠሪዎች ምክክር አለ። ይህን ሁሉ ለታሪክ ጸሐፊ የሚከፍተው ማውጫ ነው።

ከ2012 በኋላ የበቀሉት ብዙዎቹ ማውጫዎች ትምህርቱን ግማሽ በግማሽ ነው የያዙት። አንዱ ሲዘጋ ሌላው እንዲተርፍ መብዛታቸው መልካም ነው። ነገር ግን ግብዣ ካልደረሰህ፣ ገንዘብ ካልከፈልክ አትገባም የሚሉ ሞልተዋል። ተጠቃሚው መልእክት ይለያል፣ ርእስ ያስተካክላል፣ ስሕተት ይጠቁማል፤ ዝርዝሩ ግን ሙሉውን በአንድ አስተዳዳሪ እጅ ይቀራል። ሰውዬው ሲሰለቸው ወይም ሲፈራ የሁሉም ድካም አብሮ ይቀበራል። ይህ ጎግልን በትንሹ መድገም ነው።

በማኅበረሰብ የተሠራ ማውጫ ለስሙ የሚበቃው ማንም ሙሉ ቅጂውን ወስዶ በራሱ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ሲችል ነው። ዩዝኔት ከአርባ ዓመት በላይ የቆየው መልእክቱ በብዙ ቦታ ስለተቀዳ ነው። ማውጫውም እንደዚያው ይቀዳ።