ስለ ደብር ዐፀድና ስለ ዕፅዋት ትምህርት

በአዲስ አበባ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኅብረት ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይገኛል። ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። የማዕከሉ ሥራ ባሕር ዛፍ ወርሶት የነበረውን ቦታ ጥድን፥ ወይራንና ኮሶን በመሰሉ በአገሩ ዛፎች መልሶ ማልበስ፥ የከተማም ልጆች ዛፉን ከነስሙና ከነጥቅሙ እንዲያውቁት ማድረግ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ መሆኑ አይካድም። ዳሩ ግን በእስቴ ወይም በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለ ገጠር የሚያድገው ልጅ ይህን ትምህርት ከወዴት ያገኘዋል? ወደ ጉለሌ እንዳይመጣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በየወረዳው እንዲህ ያለ ማዕከል ይቋቋም ቢባልም ገንዘቡም ዐዋቂውም አይበቃም።

መልሱ ግን ልጁ ክርስትና ከተነሣበት ደብር ቅጥር ውስጥ ቆሟል። በሰሜኑ ደጋ የጥንቱ ደን ለእርሻ፥ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተመነጠረ ካለቀ በኋላ፥ የተፈጥሮ ደን ሆኖ የቀረው ከሞላ ጎደል በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው። በደቡብ ጎንደር ከኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ሜዳው የሚመለከት ሰው የታረሰውን ምድር እንደ ባሕር፥ የደብሮቹንም ዐፀድ በባሕር ላይ እንደ ተበተኑ ደሴቶች አድርጎ ያየዋል። በእያንዳንዱ ደሴት መካከል አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። እነዚህን ዛፎች የጠበቃቸው ዘበኛ ወይም የደን ዐዋጅ አይደለም፤ በታቦቱ ቅጥር ውስጥ መጥረቢያ ማንሣት ነውር ነው የሚለው የሕዝቡ እምነት ነው። የደን ሊቃውንት ከብዙ ድካም በኋላ የሚሹትን ነገር አባቶች አስቀድመው አቆይተውታል ማለት ነው።

ነገር ግን የቆመ ዛፍ ዐይንን ያታልላል። ጥዱ ረዥም፥ ዝግባው ወፍራም፥ ጥላውም ብርድ ብርድ የሚል ሆኖ ሲታይ ደኑ በሕይወት ያለ ይመስላል። ዝቅ ብሎ መሬቱን ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል፤ በብዙ ቦታ ከታላላቆቹ ዛፎች ሥር የሚተካቸው ቡቃያ የለም። ስለዚህ ነገር በሰፊው የመረመረው የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነው፤ በ2007 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ ያገኘበት ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ደን የተጻፈ ነው። የምርመራው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ከብት በሚገባበት ዐፀድ ዘሩ በክረምት ቢበቅልም ይረገጣል፥ ይበላል፤ ከብት በታጠረበት ቦታ ግን ቡቃያው ይጸድቃል። ደግሞም የብዙዎቹ የአገር ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ረዥም ዘመን አይቆይም። ስለዚህ እናቲቱ ዛፍ በወደቀች ጊዜ ቡቃያ ካልተካችው፥ ከመሬት በታች ተጠብቆ የሚነሣ ሌላ ዘር አለ ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው። በልጅ ያልተተካ ቤት እንዴት እንደሚዘጋ ባላገሩ ሳይነገረው ያውቃል፤ የደኑም ነገር ከዚህ አይለይም።

ይኸው ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት የደን መርማሪ ጋር ሆኖ ካህናቱን ሰብስቦ ዐፀዶቻቸው ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ምን እንደሚመስሉ አሳያቸው። ዕድሜውን ሙሉ ከዛፉ ጥላ ሥር ያለ ሰው ደኑን ታላቅ አድርጎ ይገምተዋል፤ ከላይ ሲታይ ግን በእርሻ የተከበበ ትንሽ ነጥብ ነው። ካህናቱ ይህን ካዩ በኋላ ከብቱን የሚከለክል የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ተስማሙ። ከውጭ የተገኘ ርዳታ ቢኖርም ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ማሳውም ከድንጋይ ስለ ጸዳ ሁለቱም ተጠቀሙ። በዚህ ነገር ሊታሰብበት የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያ ማየት መጣ፥ ከማየት መረዳት፥ ከመረዳትም ካቡ ተከተለ። መረዳቱ ሳይቀድም ካብ ቢታጠር ኖሮ ባለ ከብቱ በሌሊት አፍርሶ ያስገባ ነበር፤ ይህም በሌላ ቦታ በመንግሥት ገንዘብ በታጠሩ ብዙ አጥሮች ላይ የታየ ነገር ነው።

እንግዲህ ዐፀዱ ትምህርት ቤት ይሁን ሲባል አዲስ ቤት ይሠራ ማለት አይደለም። የወረዳው መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ክረምቱ እንዳለፈና በጋው ሊያልቅ ሲል፥ ወደ ደብሩ ቢሄድ፤ በገባዙ ፈቃድ በአንድ የተወሰነ ቦታ የበቀለውን ቡቃያ ልጆቹ ቢቈጥሩና በመዝገብ ቢጽፉ፤ በጥቅምት ከተቈጠረው በግንቦት ስንቱ እንደ ቀረ ራሳቸው ቢያዩ፥ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህ ያስተምራቸዋል። የጎደለውን ያየ ልጅ ማን እንዳጎደለው መጠየቁ አይቀርም፤ ምናልባትም የገዛ አባቱ ላም ትሆናለች። በዚያ ጊዜ ልጁ ለቤቱ መምህር ይሆናል።

የኔታም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ከበሮው የሚፈለፈለው ከዋንዛ እንደ ሆነ፥ ወተቱ ዕቃ የሚታጠነው በወይራ እንደ ሆነ፥ ኮሶ ለምን እንደሚጠጣ የሚያውቁት የደብሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ መምህር ደግሞ ዘሩ እንዴት እንደሚበቅልና ሥሩ አፈሩን እንዴት እንደሚይዝ ከመጽሐፍ ያውቃል። ሁለቱ ዕውቀቶች እስከ ዛሬ በአንድ መንደር ሳሉ ሳይተዋወቁ መኖራቸው የሚያሳዝን ነው። የመጀመሪያው ሰው በገነት ምን ሥራ እንደ ተሰጠው ለካህናት ማስረዳትማ ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል።

ሆኖም ለካህናቱ የሚነገር ነገር የለም ማለት አይደለም። ዐፀዱን የሚጎዳ የምእመናን ከብት ብቻ አይደለም። አሮጌው ሕንጻ ፈርሶ ሰፊ አዲስ ሕንጻ ሲሠራ ስንት ዛፍ እንደሚወድቅ፥ በየዳሩም የአገሩ ዛፍ እየተነሣ ባሕር ዛፍ እንደሚተካ በግልጽ ይታያል። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ይሁን ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የቀድሞ መሬቷን ስለ አጣች፥ ቶሎ አድጎ የሚሸጥ እንጨት ለዕጣንና ለዘቢብ መግዣ ሆነ። ባሕር ዛፍም ለአዲስ አበባ ማገዶ ሆኖ ከተማዋን ከመፍለስ ስለ አዳናት ውለታው አይረሳም። ቢሆንም ቦታው ከቅጥሩ ውጭ ሊሆን ይገባል። በቅጥሩ ውስጥ የቆመ የሁለት መቶ ዓመት ጥድ ተሽጦ የሚገኘው ገንዘብ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ ያው ጥድ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም።

የሹማምንቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረ ጊዜ ሕዝቡ በነቂስ መውጣቱ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ነገር ግን ወደ በላይ የሚላከው መዝገብ የተተከለውን እንጂ የጸደቀውን አጥብቆ አይጠይቅም፤ የተጠየቀው ደግሞ የተተከለው ብቻ ከሆነ የወረዳው ሹም የሚደክመው ለእርሱ ብቻ ነው። ዘሩን ከሩቅ አገር ከማምጣት ይልቅ በዚያው ደብር ካሉት ዛፎች ለቅሞ፥ በደብሩ አጠገብ አፍልቶ፥ በዚያው ቀበሌ መትከል ይቻላል፤ ለአየሩም ለአፈሩም የለመደ ነውና። ለዚህም የሚያስፈልገው የግብርና መሥሪያ ቤቱ ሹም ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተቀምጦ መነጋገሩ ነው፤ ብዙዎቹ በእሑድ ቅዳሴ አብረው ስለሚቆሙ መገናኘቱ አያስቸግርም።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በክረምት የበቀለው ቡቃያ እስከ ኅዳር ድረስ ከእርሻው የተነሣ ከብት ስለሚከለከል በመጠኑ ይድናል፤ አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ በቃርሚያው ላይ በተለቀቀ ጊዜ ግን የፈረሰ ካብ ያለው ዐፀድ ሁሉ መሰማሪያ ይሆናል። ስለዚህ ካቡን የሚጠግን ደብር አጨዳው ሳይጀመር፥ ሰውም በሥራ ሳይያዝ፥ በጥቅምት መጀመሪያ ድንጋዩን ማስለቀም ይኖርበታል።