የመማር እክል ስንፍና አይደለም
በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌውንና ሠራተኛውን ያሰለፈው ንባብ የጥቂቶች ሀብት ሆኖ እንዳይቀር ነበር። ዛሬ ፊደል የሚምታታበት የሠራተኛ ልጅ ኮሌጅ ደርሶ «ሰነፍ» ተብሎ ሲወድቅ ዝም ልንል አይገባንም። የንባብ እክል የማሰብ ችሎታ ማነስ አይደለም። ማስታወሻን አስቀድሞ ማደል፣ ትምህርቱን በድምፅ መቅዳት፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ መፍቀድ መሰናክሉን ያቃልላል።

ይህን «አድልዎ» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል! የዕውቀቱ ሚዛን አንድ ነው፤ የሚከፈተው ወደ ሚዛኑ የሚያደርሰው በር ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ለከፍተኛ ትምህርትም ተገቢው ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል። ስለዚህ ምጽዋት ሳይሆን መብት እንጠይቃለን፤ መምህራን ይፈጽሙት፣ የሰፈር ማኅበራትና ሠራተኞችም በንቃት ይከታተሉት!