«ይተላለፋል» ለሚሉ ሁሉ

ክርኑ፣ ጉልበቱ ወይም የራስ ቆዳው ላይ ቀላ ብሎ ነጭ ቅርፊት የሚያወጣ ሰው አይተው ይሆናል። አንዳንዱ «ይተላለፋል» ብሎ ሰላምታውን ይነፍገዋል፤ ሌላው «ንጽሕና ጎድሎት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሶሪያሲስ የሚባለው ይህ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ታጥበውም አያስለቅቁትም። ችግሩ ያለው ከውስጥ ነው።

ሕዋሳችን ፕሮቲን የሚሠራው በዲ ኤን ኤ ላይ ያለውን መመሪያ አር ኤን ኤ በሚባል መልእክተኛ እየተቀበለ ነው። ታዲያ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዘው የዘረመላችን ክፍል 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከቀረው ክፍል የሚገኙ አንዳንድ አር ኤን ኤዎች ራሳቸው ፕሮቲን አይሠሩም፤ ሌላውን ግን ይቆጣጠራሉ። ከእነዚህ ጥቃቅኖቹ ማይክሮ አር ኤን ኤ ይባላሉ፤ መልእክተኛው ላይ ተጣብቀው ሥራውን ያስቆማሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1993 በትንሽ ትል ላይ የደረሱበት ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ከቆዳችን ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች ሶሪያሲስ ባለበት ቆዳ ውስጥ ሚር-203 የተባለው ማይክሮ አር ኤን ኤ ከጤናማው ቆዳ በዝቶ አገኙት። ይህ ሞለኪውል የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ አንድ ፕሮቲን እንዲቀንስ ያደርጋል። ፍሬኑ ላላ ማለት ነው። በልጆች ላይ በሚበዛው ችፌ ደግሞ ሚር-155 ከፍ ብሎ ይገኛል፤ እሱም የመከላከያ ሕዋሳትን ፍሬን ያላላል።

ስለዚህ ቆዳው ሲጠራ «ዳነ» ብለው አይዘናጉ፤ መቆጣቱ በረደ እንጂ ዝንባሌው አልጠፋም። የልጅዎን ቆዳ ችፌው በሌለበት ቀንም ሽታ በሌለው ቅባት ያለስልሱ። የስቴሮይድ ቅባት በሐኪም መመሪያ ሲሆን ይጠቅማል፤ ከጎረቤት ተውሰው ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡት ግን ቆዳን ያሳሳል። ማይክሮ አር ኤን ኤን የሚያስተካክል የሶሪያሲስም ሆነ የችፌ መድኃኒት ገና ከምርምር ወጥቶ ፋርማሲ አልደረሰም። «ከዘር የሚነቅል» እያለ የሚሸጥልዎ ካለ ገንዘብዎን ይያዙ።

ሶሪያሲስ ያለበት የቤተሰብዎ አባል ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያው ከተያዘ ወይም ጣቶቹ ካበጡ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ያሳዩት። ሕመሙ መገጣጠሚያንም ያጠቃልና፣ ቶሎ ከተደረሰበት ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል።